ሽንኩርቱን ከላይ ማየት፦ የአትክልት ማሳን በድሮን ፎቶ ለመከታተል የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

በመቂ ወይም በባቱ አካባቢ ካለ የሽንኩርት ማሳ ዳር ቆመው ወደ ውስጥ ሲመለከቱ፣ ከፊት ያለው ቅጠል ከኋላው ያለውን ክፍተት ይሸፍነዋል። በዚህ ምክንያት ከዳር ሲያዩት የማያምር ማሳ የለም ማለት ይቻላል። ገብተው ቢዞሩም የሚያዩት የረገጡትን ቦይ ግራና ቀኝ ብቻ ነው። እኔ ይህን በደንብ የተረዳሁት አንድ ወዳጄ «ዘሩ ነው ጉድ የሠራኝ፤ ዩሪያ ልጨምርበት» ያለውን ማሳ ከ30 ሜትር ከፍታ ፎቶ አንስተን ባየንበት ቀን ነው። ቢጫው እዚህም እዚያም የተበታተነ አልነበረም። ከውኃ መግቢያው በራቀው በኩል፣ ከየቦዩ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ጀምሮ እስከ ጫፍ ድረስ፣ እንደ መቀነት ማሳውን አቋርጦት ነበር። ውኃው ጫፍ አይደርስም ነበር። ዩሪያው ቢበተን ኖሮ ደረቅ አፈር ላይ ይቀር ነበር።

ከዚያ ወዲህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምመልሰው ይህንኑ ነው። ድሮን የበሽታውን ስም አይነግርዎትም። የት ሄደው ጎንበስ ማለት እንዳለብዎ ግን ያሳይዎታል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ያቺን ቦታ በጊዜ ለማግኘት የሚረዳ ነው። ምሳሌዬ በዋናነት በመስኖ የሚለማ ሽንኩርት ነው፤ ቲማቲምና ጥቅል ጎመን ለየት በሚሉበት ቦታ እጠቅሳቸዋለሁ።

ከሁሉ በፊት፦ ፈቃድና ጎረቤት

በኢትዮጵያ ድሮን ማስገባትም ማብረርም ያለ ፈቃድ አይቻልም። ከኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደርና ከኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን የሚጠየቀውን ሳያሟሉ ከውጭ ዘመድ አስልኮ ማምጣት፣ ዕቃውን ቦሌ ላይ ተይዞ እንዲቀር ማድረግ ነው። በውጭ የምትኖሩ ወገኖቻችንም ለቤተሰብ ስጦታ ብላችሁ ሻንጣ ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት ፈቃዱ አስቀድሞ በእጅ መግባቱን አረጋግጡ።

ወረቀቱ ከተገኘ በኋላም ሥራው አላለቀም። በአገራችን ድሮን ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ስለ እርሻ አይደለም። ድምፁን ሰምተው የሚደነግጡ እናቶችና ልጆች አሉ፤ ድንጋጤያቸውም ከምክንያት የመጣ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው በረራ በፊት ለቀበሌው፣ ለፖሊስና ለልማት ሠራተኛው ያሳውቁ። ከዚያ የአዋሳኝ ማሳ ባለቤቶችን ጠርተው ዕቃውን መሬት ላይ አድርገው ያሳዩአቸው፤ ፎቶውንም በስልክ እንዲያዩት ያድርጉ። እኔ ጎረቤቶቹ ሳያውቁት ከማንም ማሳ ላይ ድሮን አላስነሣም። የጸጥታ ችግር ባለበት አካባቢ ደግሞ ፈቃድ ቢኖርም አይብረር።

የትኛው ድሮን ይበቃል?

ለመጀመሪያው ዓመት ተራ የቀለም ካሜራ ያለው ድሮን ይበቃል። ሊያሟላ የሚገባው ሁለት ነገር ነው፦ ካሜራው ቀጥ ብሎ ወደ ታች ማየት መቻሉና ድሮኑ የተሰመረለትን መስመር ጠብቆ በራሱ መብረር መቻሉ። ሁለተኛውን ከመግዛትዎ በፊት በደንብ ይጠይቁ፤ አንዳንድ ትንንሽ ድሮኖች በራሳቸው መስመር እንዲበሩ የሚያደርግ መተግበሪያ የላቸውም።

ከዚህ ከፍ የሚለው የብዙ ሞገድ ካሜራ ነው። ለምሳሌ ዲጄአይ ማቪክ 3 መልቲስፔክትራል የተባለው ድሮን ከተራው ካሜራ በተጨማሪ አረንጓዴን፣ ቀይን፣ የቀይ ጠርዝን (በቀይና በኢንፍራሬድ መካከል ያለውን ብርሃን) እና በዓይን የማይታየውን ቅርብ ኢንፍራሬድ ለየብቻ የሚያነሱ አራት ካሜራዎች አሉት። ጤነኛ ቅጠል ቀይ ብርሃንን ለምግብ መሥሪያ ይውጣል፤ ኢንፍራሬዱን ደግሞ አብዛኛውን ይመልሳል። ከዚህ ልዩነት ኤንዲቪአይ የሚባለው መለኪያ ይሰላል፦ ከኢንፍራሬዱ ቀዩን ቀንሶ፣ ለሁለቱ ድምር ማካፈል ነው። ውጤቱ ወደ 1 ሲጠጋ ቅጠሉ የበዛና የጠነከረ ነው፤ ባዶ አፈር ወደ ዜሮ ይቀርባል።

ግማሽ ሄክታር ያለው ገበሬ ይህን ሁሉ ለብቻው መግዛት አለበት አልልም። ለኅብረት ሥራ ማኅበር ወይም በአገልግሎት ሰጪነት ለተደራጁ ወጣቶች የሚሆን ዕቃ ነው። ሳተላይት በነጻ አለ አይደለም ወይ የሚል ጥያቄ ይነሣል። አለ፤ ሴንቲኔል 2 በየአምስት ቀኑ ያነሳል። ነገር ግን ከዚህ ሳተላይት አንዷ የምስል ነጥብ የምትሸፍነው 10 ሜትር በ10 ሜትር ነው። ሩብ ሄክታር ማሳ 25 ነጥብ ብቻ ይሆናል ማለት ነው። ለሰፋፊ የስንዴ እርሻ ጥሩ ነው፤ የሽንኩርት መደብ ግን አይታይበትም።

የመጀመሪያው ሥራ መሬት ላይ ነው

የክትትል ዋጋው በማነጻጸር ላይ ነው። የዚህን ሳምንት ፎቶ ካለፈው ሳምንት ፎቶ ላይ በትክክል መደረብ ካልቻሉ፣ ቆንጆ ሥዕሎች ይሰበስባሉ እንጂ ማሳውን አይከታተሉም። የተራ ድሮን የቦታ ጠቋሚ በየበረራው ሁለት ሦስት ሜትር ሊዛነፍ ይችላል። የሽንኩርት መደብ ከነቦዩ 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ይህ መዛነፍ ብዙ መደቦችን ያዘዋውራል።

መፍትሔው ርካሽ ነው። በማሳው አራት ማዕዘኖችና በመካከሉ፣ ውሃ በማይገፋው ቦታ፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም የሲሚንቶ ብሎኬት ይቅበሩና ፊቱን ነጭ ቀለም ቀብተው መሐሉ ላይ ጥቁር መስቀል ያድርጉበት። እስከ ምርት መሰብሰቢያ ድረስ ከቦታው እንዳይነሣ ለሠራተኞች ሁሉ ይንገሩ። እነዚህ አምስት ምልክቶች በየሳምንቱ ምስሉን አንድ ላይ የሚያስሩ ችካሎች ናቸው።

በዚያው ቀን በደብተር የማሳውን ንድፍ ይሥሩ፦ ውኃው የሚገባበት፣ ቦዮቹ የሚሄዱበት አቅጣጫ፣ ችግኙ በየትኛው ቀን የት እንደተተከለ፣ የት የትኛው ዝርያ እንዳለ፣ ማዳበሪያው መቼ እንደተጨመረ። ኋላ ላይ ምስሉ ላይ የሚያዩት ልዩነት ግማሹ በዚህ ደብተር ይፈታል። ሰኞ የተተከለና ቅዳሜ የተተከለ ሽንኩርት በምስል ላይ ድንበራቸው በግልጽ ይታያል፤ ደብተር የሌለው ሰው ግን በሽታ ነው ብሎ ሊጨነቅ ይችላል።

ከፍታና መደራረብ፦ ሒሳቡን ራስዎ ይሥሩት

ጥያቄው «አንዲት የምስል ነጥብ መሬት ላይ ስንት ሳንቲ ሜትር ትሸፍናለች?» የሚል ነው። የካሜራውን የምስል መቀበያ (ሴንሰር) ወርድ በከፍታው አባዝቶ፣ ለሌንሱ የትኩረት ርቀትና ለምስሉ የነጥብ ብዛት ብዜት ማካፈል ነው። ለምሳሌ መቀበያው 13.2 ሚሊ ሜትር፣ ሌንሱ 8.8 ሚሊ ሜትር፣ የምስሉ ወርድ 5472 ነጥብ ለሆነ ካሜራ፣ በ30 ሜትር ከፍታ አንዷ ነጥብ 0.82 ሳንቲ ሜትር ትሆናለች። አንዱ ፎቶ 45 ሜትር በ30 ሜትር ይሸፍናል። ለደረሰ ቲማቲምና ለጥቅል ጎመን ይህ ከበቂ በላይ ነው፤ ቅጠል ላበዛ ሽንኩርትም ይሆናል።

ገና ለተተከለ ሽንኩርት ግን አይሆንም። ቅጠሉ በሚሊ ሜትር የሚለካ ስለሆነ በአፈሩ ተውጦ ይጠፋል። ለዚያ ወደ 12 ሜትር መውረድ ያስፈልጋል። አንድ ሄክታርን በ12 ሜትር ከፍታ ሙሉ በሙሉ ልሸፍን ቢሉ አንድ ሺሕ የሚጠጋ ፎቶ ይወጣል፤ ባትሪም ኮምፒውተርም አይችለውም። በ30 ሜትር ግን 180 ገደማ ይበቃል። ስለዚህ በ12 ሜትር የሚነሣው ለናሙና ብቻ ይሁን።

ፎቶዎቹ አንድ ምስል ሆነው እንዲሰፉ በበረራው አቅጣጫ 80 ከመቶ፣ በጎን 75 ከመቶ ይደራረቡ። የአትክልት መደቦች እርስ በርስ ስለሚመሳሰሉ የመስፊያው ፕሮግራም አንዱን መደብ ከሌላው ሊያምታታ ይችላል፤ ባትሪ ለመቆጠብ ብለው መደራረቡን አይቀንሱ። የበረራውን መስመር አንዴ አስቀምጠው በየሳምንቱ ያንኑ ይድገሙ። አብዛኞቹ ድሮኖች ከፍታን የሚቆጥሩት ከተነሡበት ቦታ ስለሆነ ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ ያስነሡ።

ሰዓቱ

የፈረንጆቹ መመሪያ ብዙ ጊዜ በቀትር አንሡ ይላል። እነርሱ ዘንድ ፀሐይ በቀትርም ዘንበል ያለች ናት። እኛ ዘንድ ግን በስምጥ ሸለቆ ኬክሮስ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ፀሐይ በቀትር ከአናት ላይ ትቆማለች። በእነዚያ ቀናት በቀትር ካነሡ፣ የድሮኑ ጥላ በሚያርፍበት ቦታ ዙሪያ የሚያብለጨልጭ ነጭ ክብ በየፎቶው ላይ ይወጣል። የተሰፋው ምስልም ማሳው ላይ በሌለ ዝንጉርጉር ቀለም ይሞላል።

እኔ የማምንበት ሰዓት ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል እስከ 5 ሰዓት ነው። ጤዛው ደርቋል፤ የከሰዓቱ የስምጥ ሸለቆ ነፋስ ገና አልተነሣም፤ ጥላውም ረጅም አይደለም። የመረጡትን ሰዓት ግን በየሳምንቱ ይጠብቁ። ሰማዩ ጥርት ያለ ወይም በእኩል የተሸፈነ ይሁን። ከሁሉ የሚከፋው ቁርጥራጭ ደመና ነው፤ የደመና ጥላ ያረፈበት መደብ የታመመ ይመስላል።

ካሜራውን በራሱ እንዲወስን አይተዉት። የብርሃን ሚዛኑን (ዋይት ባላንስ) «ፀሐያማ» ላይ፣ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) 100 ላይ ያድርጉ። የመዝጊያውን ፍጥነት ከሰከንድ አንድ ሺሕኛ አካባቢ ያድርጉ። ድሮኑ በሰከንድ 3 ሜትር ሲበር በዚያች ቅጽበት 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ይጓዛል። ፍጥነቱ የሰከንድ 1/200 ቢሆን ግን 1.5 ሳንቲ ሜትር ይጓዝና ቅጠሉ ይደበዝዛል። የብዙ ሞገድ ካሜራ ካለዎት ደግሞ የብርሃን መለኪያ ሰሌዳውን ከበረራው በፊትና በኋላ ፎቶ ማንሣት አይርሱ።

ባትሪው 30 ከመቶ ሲቀረው ያሳርፉ። በዝዋይ ሐይቅ አካባቢ ጭላት ድሮን ላይ ሊወርድ ይችላል፤ ሲያዩት ወደ ጎን ከመሸሽ ቀጥ ብለው ወደ ላይ ይውጡ፤ ወፏ በዚያ አቅጣጫ በቀላሉ አትከተልም።

ምስሉን መስፋት

ለዚህ ገንዘብ መክፈል ግዴታ አይደለም። ኦፕን ድሮን ማፕ ነጻ ፕሮግራም ነው፤ ዌብ ኦዲኤም በሚባለው ገጹ በኩል ፎቶዎቹን አስገብተው ያስጀምሩታል። 16 ጊጋባይት ራም ያለው ኮምፒውተር እስከ 250 ፎቶ ድረስ ይችላል፤ ስለዚህ የአንድ ሄክታሩ 180 ፎቶ አይከብደውም። ሲጨርስ አንድ ትልቅ ምስል ይሰጣል። ያንን ኪው ጂአይኤስ በተባለው ሌላ ነጻ የካርታ ፕሮግራም ይክፈቱና አምስቱን ነጭ ምልክቶች ከመጀመሪያው ሳምንት ምስል ጋር ያገጣጥሙ።

ተራ የቀለም ካሜራ ያለው ሰው ኤንዲቪአይ ማስላት አይችልም። ግን ባዶ እጁን አይቀርም። በኪው ጂአይኤስ የስሌት መሣሪያ፣ የአረንጓዴውን ዋጋ በሁለት አባዝተው ቀዩንና ሰማያዊውን ቢቀንሱለት፣ ተክል ከአፈር ይለይልዎታል። ከዚያ ማሳው በመቶኛ ስንት በቅጠል እንደተሸፈነ ማወቅ ይቻላል። እኔ ለሽንኩርት ከኤንዲቪአይ ይልቅ ይህን የሽፋን ቁጥር እመርጣለሁ። የሽንኩርት ቅጠል ቀጭንና ቀጥ ያለ በመሆኑ ከላይ ሲታይ አፈሩ ይበዛል፤ የኤንዲቪአዩ ዋጋም የአፈሩን ቀለም ተከትሎ ይዋዥቃል። ቲማቲም መደቡን ከሸፈነ በኋላ ግን ኤንዲቪአይ ጥሩ ነው፤ ቅጠሉ እጅግ ሲደራረብ ደግሞ ዋጋው ጣሪያ ስለሚነካ በቀይ ጠርዝ የሚሰላው መለኪያ ይሻላል።

ከሳምንት ሳምንት ምን ይታያል?

ችግኙ ከተተከለ በ10 ቀን ውስጥ የሚደረገው በረራ ለቆጠራ ነው። በተለመደው አተካከል፣ በቦዮች መካከል 40፣ በረድፎች መካከል 20፣ በተክሎች መካከል 10 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ በአንድ ካሬ ሜትር 33 ገደማ ችግኝ መኖር አለበት። በአምስት ቦታ በ12 ሜትር ከፍታ ያነሧቸው ፎቶዎች ላይ አንድ ካሬ ሜትር የሆነ ሣጥን እየሠሩ ይቁጠሩ። ከ25 በታች የሆነ ቦታ ካለ የችግኝ ማፍያ መደቡ ላይ የቀረ ችግኝ እያለ ይሙሉት። በኋላ የተሞላ ችግኝ የጎረቤቱን እድገት አይደርስበትም።

ከዚያ እስከ አንድ ወር ድረስ በሁለት ሳምንት አንዴ ይበቃል። ከአምስተኛው ሳምንት እስከ ራስ መያዣው ድረስ ግን ሳምንት አይለፉ፤ ማዳበሪያም ውኃም ማረሚያም የሚወሰነው ያኔ ነው። ቋሚው በረራ ውኃ ከጠጣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ይሁን፤ እርጥብ አፈር ጠቁሮ ንጽጽሩን ያበላሻል።

አንድ ቀን ግን ይህን ደንብ ሆን ብለው ይጣሱ። ውኃ አጠጥተው እንደጨረሱ ድሮኑን ያስነሡ። እርጡቡ አፈር ጥቁር፣ ያልደረሰው ነጣ ብሎ ስለሚታይ፣ ውኃው የት ድረስ እንደሄደ፣ የት እንደተኛ፣ የትኛው ቦይ ተደርምሶ ወደ ጎረቤቱ እንደፈሰሰ በአንድ ተራ ፎቶ ይታያል። ምንም ስሌት አይጠይቅም። ከዚህ መመሪያ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ የሚሠሩ ከሆነ ይህን ይሥሩ።

ቅርጹን ማንበብ

ምስሉ ላይ ደካማ ቦታ ሲያዩ ቀለሙን ከመመርመርዎ በፊት ቅርጹን ይመልከቱ። ተፈጥሮ ቀጥ ያለ መስመር አትሠራም። ቦዩን ተከትሎ ቀጥ ያለ ቢጫ መስመር ካዩ የሰው ሥራ ነው፦ ማዳበሪያ የተዘለለበት፣ ውኃ ያልተለቀቀበት ወይም መርጫው የተደፈነበት መደብ። ማሳውን አቋርጦ በቦዮቹ ጫፍ የሚተኛ ቀበቶ የውኃ ጉዳይ ነው፤ ጫፉ ደርቆ ወይም ተቃራኒው፣ ውኃ ተኝቶበት ሥሩ ታፍኖ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ከላይ ሲታዩ ቢጫ ናቸው፤ የሚለያቸው አፈሩን በእጅ መጨበጥ ብቻ ነው።

ክብ ወይም ደመና መሰል ነጠብጣብ በየሳምንቱ ከዳሩ የሚሰፋ ከሆነ በሽታን ይጠርጥሩ። የማይሰፋ ከሆነ አፈሩ ነው፤ ነጣ ያለ ቅርፊት ካለበት ደግሞ በስምጥ ሸለቆ የተለመደው ጨው ሊሆን ይችላል። ከአንድ ተክል ተነሥቶ በውኃው አወራረድ ወደ ታች የሚሄድ መጠውለግ ቲማቲም ላይ ካዩ፣ ውኃው በሽታውን እያጓጓዘ ስለሆነ ያንን ቦይ በዚያው ቀን ይዝጉት። ከአንድ ዳር ብቻ ወደ ውስጥ የሚገባ ጉዳት ከጎረቤት ማሳ የሚመጣ ተባይ ወይም የገቡ ከብቶች ናቸው።

ምስሉ ላይ ጎልቶ አረንጓዴ የሆነውን ቦታም አይመኑት። በሽንኩርት ማሳ ውስጥ ከሁሉ ይበልጥ አረንጓዴ የሆነው ቦታ ብዙውን ጊዜ አረም ነው። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው «ይህ ክፍል ጎበዝ ነው» ብሎ ያልፈዋል።

ድሮኑ የማያያቸውንም ይወቁ። ትሪፕስ በሽንኩርቱ እምብርት ተደብቆ የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ ነው፤ ከላይ የሚታየው ቅጠሉ ብርማ ሆኖ ጉዳቱ ከበዛ በኋላ ነው። በ2012 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር አገራችን የገባው የቲማቲም ጠላት፣ ቱታ አብሶሉታም፣ ቅጠሉን ከውስጥ ቦርቡሮ ካደረቀው በኋላ ነው ምስል ላይ የሚወጣው። ለእነዚህ ወጥመድና የገበሬ ዓይን ይቀድማሉ።

ወደ ማሳው መግባት

ከምስሉ ላይ ሦስት ደካማ ቦታ፣ አንድ ጥሩ ቦታ ይምረጡ። ጥሩው ቦታ የግድ ነው፤ ያለ እርሱ ደካማው ከምን እንደደከመ አይታወቅም። ቦታዎቹን በስልክዎ ካርታ ላይ አስቀምጠው በዚያው ቀን ይሂዱ። በየቦታው አንድ ተክል ከነሥሩ ይንቀሉ፣ ሥሩን ይመልከቱ፣ አፈሩን በአንድ ስንዝር ጥልቀት ቆፍረው ይጨብጡ፣ የቅጠሉን ፊትና ጀርባ በቅርብ ፎቶ ያንሡ። ሕመሙ ካልገባዎ ፎቶውን ከነተክሉ ለልማት ሠራተኛው ያሳዩ፤ ከባድ ከሆነም ናሙናውን እንደ መልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ወዳለ ተቋም ያድርሱ። ይህ ሳይደረግ ምስሉን ብቻ አይቶ መድኃኒት መርጨት ገንዘብም ጤናም ይጎዳል።

ያገኙትን በምስሉ ላይ ይጻፉበት፦ ቀን፣ ምክንያት፣ የወሰዱት እርምጃ። በሚቀጥለው ሳምንት ያው ቦታ ካልተሻሻለ፣ ምክንያቱ ሌላ ነበር ማለት ነው፤ እንደገና ይሂዱ።

መጨረሻ ላይ አረንጓዴው በመላው ማሳ ሲወርድ አይደንግጡ። ሽንኩርቱ ደርሶ አንገቱ እየተሰበረ ቅጠሉ ሲተኛ ምስሉ ይገረጣል፤ ከግማሽ በላይ የተኛበትን ክፍል ለይቶ ማየት ውኃ ለማቆምና ሠራተኛ ለመቅጠር ይጠቅማል። ሰብሉ ከተነሣ በኋላም ባዶውን ማሳ አንዴ ያንሡት። በዓመቱ የታዩትን ደካማ ቦታዎች በላዩ ላይ ምልክት አድርገው ያትሙትና፣ ለሚቀጥለው እርሻ መሬቱ ሲስተካከል ትራክተሩ ዝቅ ያለውን እንዲሞላ፣ ከፍ ያለውን እንዲገፋ ወረቀቱን ለአራሹ ይስጡት።